ቅዝቃዜ ለሕክምና፦ ከበረዶና ጨው እስከ ጋዝ ሲሊንደር

ሕመምንና እብጠትን በቅዝቃዜ ማስታገስ ጥንታዊ ጥበብ ነው። በሂፖክራጥስ ስም የሚጠሩት የግሪክ መጻሕፍት ቀዝቃዛ ውኃ ለእብጠት እንደሚረዳ ይገልጻሉ። ዛሬም ወለምታ የደረሰበት ስፖርተኛ በቁርጭምጭሚቱ ላይ በረዶ ይደረግለታል። ይሁን እንጂ ቅዝቃዜ ከማስታገሻነት አልፎ የታመመ ሥጋን የሚያጠፋ የክሊኒክ መሣሪያ የሆነው ዘግይቶ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመሣሪያውን ታሪክ በአጭሩ አቅርቦ፣ ነቀምቴን ለመሰሉ ከመዲናይቱ የራቁ ከተሞች የሚሰጠውን ትምህርት ማመልከት ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ አርኖት በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በብራይተን ከተማ የተቀጠቀጠ በረዶንና ጨውን በመቀላቀል ከዜሮ በታች እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ ቅዝቃዜ አገኘ። መሣሪያውንም እ.ኤ.አ. በ1851 በለንደኑ ታላቅ ኤግዚቢሽን ላይ አሳየ። አርኖት ድብልቁን የጡትና የማህፀን በር ካንሰር በያዛቸው ሴቶች ላይ ሲሞክር ሕመማቸው እንደቀነሰና መድማቱም እንደተገታ ጽፏል። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1899 በኒውዮርክ ፈሳሽ አየር ለቆዳ በሽታዎች ዋለ። በዚያው ከተማ የነርቭ ቀዶ ሐኪሙ ኧርቪንግ ኩፐር እ.ኤ.አ. በ1961 ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ፈሳሽ ናይትሮጅን የሚሠራ መሣሪያ አቀረበ።

ፈሳሽ ናይትሮጅን ግን ቶሎ የሚተን በመሆኑ ለትንንሽ ጤና ተቋማት የሚመች አልነበረም። ለእነርሱ የተሻለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ናይትረስ ኦክሳይድ በሲሊንደር ተጠቅጥቆ የሚሠራበት ክራዮቴራፒ ሆነ። ጋዙ በጠባብ ቀዳዳ አልፎ ሲስፋፋ የመሣሪያውን የብረት ጫፍ እጅግ ያቀዘቅዘዋል፤ ጫፉም በማህፀን በር ላይ ተደርጎ 3 ደቂቃ ያቀዘቅዛል፣ 5 ደቂቃ ይታገሣል፣ እንደገና 3 ደቂቃ ያቀዘቅዛል። ኤሌክትሪክም ሆነ ማደንዘዣ አያስፈልገውም፤ የሠለጠነች ነርስም ልትሠራበት ትችላለች። በዚህም አርኖት የካንሰርን ሥቃይ ለማስታገስ የተጠቀመበት ቅዝቃዜ፣ ካንሰሩ ከመምጣቱ በፊት ቅድመ ካንሰር ለውጥን ለማስወገድ ዋለ።

በአገራችን ይህ ዘዴ በሰፊው የተጀመረው «አዲስ ተስፋ» በተባለው የፓዝፋይንደር ኢንተርናሽናል ፕሮጀክት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2014 ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ተመርመዋል። ከመቶ ወደ 10 በሚሆኑት ላይ ለውጥ ተገኝቷል። የዘዴው ጥቅም የሚገኘው ምርመራውና ሕክምናው በአንድ ቀን ሲፈጸም ነው። የማህፀን በር በአሴቲክ አሲድ ተቀብቶ ነጭ ምልክት ከታየና ሁኔታው ከፈቀደ ሴቲቱ በዚያው ቀን ታክማ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። በእግሯ ረጅም መንገድ ተጉዛ የመጣችን እናት «ሌላ ቀን ተመለሺ» ማለት ግን ብዙ ጊዜ እንዳትመለስ ማድረግ ነው።

ለወለጋ ጉዳዩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። ወለጋ ለዘመናዊ ሕክምና እንግዳ አይደለችም። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሱዳን በጋምቤላ በኩል ሰዮ ደርሶ ሥራ ጀመረ። ስዊድናዊው ዶክተር ኤሪክ ሶደርስትሮም በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በነቀምቴ አገልግሏል። የጊምቢ አድቬንቲስት ሆስፒታልም እ.ኤ.አ. በ1947 ተቋቋመ። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሐኪም በሥፍራው ሊኖር ቢችልም የሚሠራበት ዕቃ ግን ከሩቅ የሚመጣ ነበር። ክራዮቴራፒም ይህን አልለወጠም። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ደምቢ ዶሎ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። መሣሪያው ከኤሌክትሪክ ነፃ ቢሆንም ከሲሊንደሩ ነፃ አይደለም፤ ጋዙ ያለቀ ዕለት መሣሪያው የተወለወለ ብረት ሆኖ ይቀመጣል። ሲሊንደር ከባድ ነው፤ ተጭኖ መሄድ፣ ተሞልቶ መመለስ አለበት። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በምዕራብ ኦሮሚያ ግጭት መንገድ በተዘጋ ቁጥር ደግሞ በርካታ የሕክምና አቅርቦቶች ተስተጓጉለዋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሙቀት የማከም ዘዴን የሚመለከት መመሪያ አወጣ። ጫፉ ቢያንስ 100 ዲግሪ ሞቆ ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ይደረጋል። መሣሪያው በእጅ የሚያዝና በባትሪ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ቅዝቃዜ በሙቀት የተተካው በሽታን የመግደል አቅም አጥቶ ሳይሆን ከኋላው የሚጎትተው ሰንሰለት ስለረዘመ ነው። ባትሪውም ግን ቻርጅ መደረግ፣ ጫፉም በየታካሚው መጽዳት፣ መሣሪያውም ሲበላሽ መጠገን አለበት። ያለዚያ የሲሊንደሩ ታሪክ በሌላ ስም ይደገማል።

በመሆኑም ለወረዳና ለከተማ ሆስፒታሎች መሣሪያ የምንመርጥ ሐኪሞች «ምን ያህል ይቀዘቅዛል? ምን ያህል ይሞቃል?» ከማለት አስቀድመን «ሲያልቅ ማን ይሞላዋል? ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? መንገድ ሲዘጋ ስንት ቀን ይቆያል?» ብለን ልንጠይቅ ይገባል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት የተጀመረው የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት ለመጪው ትውልድ ተስፋ ነው። ለእናቶቻቸው ግን ተስፋው ዛሬ ተመርምረው ዛሬ መታከማቸው ነው።