የእሳት አደጋ መከላከል መሐንዲስ፦ የመንግሥት ሥራው እንዴት ይጀመራል?

በከተማ ውስጥ እሳት ሲነሣ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፈው ቀዩን መኪና ይዘው በሚደርሱት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ላይ ነው። እነርሱ ከመድረሳቸው ከዓመታት በፊት ግን ሌላ ባለሙያ ሥራውን ሠርቶ መጨረስ ነበረበት። ሕንጻው ሁለተኛ መውጫ ደረጃ እንዲኖረው፣ በሩ ወደ ውጭ እንዲከፈት፣ መንገዱ ለእሳት አደጋ መኪና እንዲበቃ፣ ውኃም ከቅርብ እንዲገኝ አስቀድሞ የሚያስበው ይህ ሰው የእሳት አደጋ መከላከል መሐንዲስ ይባላል።

አባቶች “ሳይቃጠል በቅጠል” የሚሉት ብሂል የሙያው ሙሉ ትርጉም ነው። በዚህ ሙያ የመንግሥት ሥራ ለመጀመር የሚያስብ ወጣት፣ ልጁን ወደዚህ መስመር ለመላክ የሚመክር ወላጅም ሥራው ምን እንደሆነ፣ በምን ትምህርት እንደሚገባበትና ምን ኃላፊነት እንደሚያሸክም ቀድሞ ማወቁ ይጠቅመዋል።

መሐንዲሱ ምን ይሠራል?

እሳት እንዲነሣ ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፤ የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ናቸው። ከሦስቱ አንዱን ማራቅ እሳቱን መከልከል ወይም ማጥፋት ነው። የመሐንዲሱ ዕውቀት ከዚህ ይነሣና በአንድ ሕንጻ ላይ አራት ጥያቄዎችን ይጠይቃል።

የመጀመሪያው ጥያቄ እሳት እንዳይነሣ ምን ተደርጓል የሚለው ነው። የኤሌክትሪክ መስመሩ ከሚሸከመው ጭነት ጋር ይመጣጠናል ወይ? ነዳጅና የጋዝ ሲሊንደር የት ተቀምጠዋል? ሁለተኛው፣ እሳት ቢነሣ ቶሎ እንዴት ይታወቃል የሚል ነው። የጭስ መጠቆሚያና የማንቂያ ደወል የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሦስተኛው፣ ሰው በየት በኩል ይወጣል ይላል። በእሳት አደጋ ብዙውን ጊዜ ሰውን የሚገድለው ከነበልባሉ ይልቅ ጭሱ በመሆኑ፣ መውጫው ከጭስ የተከለለ መሆን ይኖርበታል። አራተኛው፣ እሳቱ ከተነሣበት ክፍል ወደ ሌላው እንዳይዛመት ምን ያግደዋል የሚል ሲሆን፣ ግድግዳውን፣ በሩን፣ የቧንቧና የሽቦ ማለፊያ ቀዳዳውን ሁሉ ይመለከታል።

የሕንጻው አጥንትም በዚሁ ውስጥ ይታያል። ብረት አይነድም፤ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ግን ጥንካሬውን በግማሽ ገደማ ያጣል። በኮንክሪት ውስጥ ያለው ፌሮ በበቂ ውፍረት መሸፈን ያለበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጡት የኢትዮጵያ የግንባታ ደረጃዎችም ኮንክሪትና ብረት በእሳት ጊዜ ሊኖራቸው ስለሚገባው አቅም ራሱን የቻለ ክፍል አላቸው።

የማጥፊያ መሣሪያ ምርጫም የመሐንዲሱ ድርሻ ነው። ውኃ ለእንጨት፣ ለወረቀትና ለጨርቅ ይሆናል። በሚነድ ዘይት ወይም ቤንዚን ላይ ሲፈስስ ግን እሳቱን ይበትነዋል፤ የኤሌክትሪክ ኃይል ባልተቋረጠበት ቦታም አጥፊውን ለአደጋ ያጋልጣል። ስለዚህ ለነዳጅ አረፋ ወይም ደረቅ ዱቄት፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃ ደግሞ ካርቦንዳይኦክሳይድ ወይም ደረቅ ዱቄት ይመረጣል።

በምን ትምህርት ይገባል?

በአንዳንድ አገሮች ሙያው ከሥር ጀምሮ ለብቻው ይሰጣል። በአሜሪካ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለዚህ ትምህርት የተቋቋመ ክፍል አለው፤ የአገሪቱ ፌዴራል መንግሥትም የእሳት መከላከል መሐንዲሶችን 0804 በሚል የሥራ መደብ መለያ ለብቻቸው ይቀጥራል።

በኢትዮጵያ ወደ ሙያው የሚወስደው የተለመደ መንገድ ግን በአጎራባች የምሕንድስና ዘርፎች በኩል ያልፋል። በተፈጥሮ ሳይንስ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ያለፈ ተማሪ የ5 ዓመቱን የምሕንድስና ትምህርት በሲቪል፣ በሜካኒካል፣ በኤሌክትሪካል ወይም በኬሚካል ዘርፍ ይከታተላል። ሲቪሉ የሕንጻውን አካል፣ ሜካኒካሉ የውኃ ግፊትና የአየር ዝውውርን፣ ኤሌክትሪካሉ የሽቦና የማንቂያ ሥርዓትን፣ ኬሚካሉ የነዳጅና የኬሚካል ባሕርይን ይዞ ይመጣል። አንዱ የጎደለውን ከሌላው መማሩ የማይቀር ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ይጠበቅበታል፤ ማለፊያውም 50 ከመቶ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ተቋም የወጣ ወጣትም በሩ አልተዘጋበትም። የሙያ ብቃት ምዘናውን ያለፈ የኤሌክትሪክ ወይም የቧንቧ ሥራ ባለሙያ በቁጥጥርና በጥገና ሥራ ገብቶ፣ ከሥራው ጎን ለጎን ትምህርቱን ማሻሻል ይችላል።

የትኛው መሥሪያ ቤት ይቀጥራል?

በስሙ ቀጥተኛ የሆነው የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። በክልል ከተሞች ሥራው በከተማ አስተዳደሩ የእሳት አደጋ አገልግሎት፣ በግንባታ ፈቃድና በሕንጻ ቁጥጥር ክፍሎች መካከል ተከፋፍሎ ይገኛል። የኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ የአየር ማረፊያዎች፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫዎችና የነዳጅ ማከማቻዎችም የእሳት ደኅንነት ባለሙያ የሚያስፈልጋቸው ቦታዎች ናቸው።

ሥራ ፈላጊው ልብ ሊለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በቅጥር ማስታወቂያ ላይ “የእሳት አደጋ መከላከል መሐንዲስ” የሚል መጠሪያ ላይገኝ ይችላል። መደቡ በሕንጻ ተቆጣጣሪነት፣ በፕላን መርማሪነት፣ በአደጋ ቅድመ መከላከል ባለሙያነት ወይም በሥራ ላይ ደኅንነት ባለሙያነት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ከመጠሪያው ይልቅ የሥራ ዝርዝሩን ማንበብ ይበጃል። ለአዲስ ተመራቂ የሚሆነው “0 ዓመት የሥራ ልምድ” ተብሎ የሚወጣው መደብ ነው።

አመልካቹ የትምህርት ማስረጃውን ዋናና ኮፒ፣ የውጤት መግለጫውንና መታወቂያውን ይዞ በማስታወቂያው ቀነ ገደብ ውስጥ ይመዘገባል፤ የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይከተላሉ። የተመረጠው ሰው ቋሚ የሚሆነው የሙከራ ጊዜውን በአጥጋቢ ውጤት ሲያጠናቅቅ ነው። የቅጥር ሕጉ በፌዴራልና በክልል ደረጃ የተለያየ ስለሆነ የሙከራውን ጊዜና የደረጃ ዕድገቱን ከቀጣሪው መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል መጠየቅ ተገቢ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት

አዲሱ ባለሙያ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው በፕላን ላይ ነው። ለዚህም ሕጉን ማወቅ አለበት። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ የከፈለ ሲሆን፣ ሕዝብ የሚገለገልባቸውን ሕንጻዎች፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያላቸውን በምድብ “ሐ” አስቀምጧል። ሕጎችና ደረጃዎች ስለሚሻሻሉ በሥራ ላይ ያለውን እያረጋገጡ መሥራት የባለሙያው የዘወትር ግዴታ ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ቤት ግንባታው ያለበት ቦታ ነው። በወረቀት ላይ 2 ሜትር የነበረው መተላለፊያ በዕቃ ታጥሮ ይጠባል። መውጫ ተብሎ የተፈቀደው በር በቁልፍ ታስሮ ይገኛል። የደረጃው ሥር የካርቶን መጋዘን ይሆናል። ማጥፊያው ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የግፊት መለኪያው መርፌ ግን ባዶ ላይ ቆሟል።

ሦስተኛው ደግሞ ከእሳት አጥፊዎቹ ጋር የሚውልበት ቀን ነው። ቱቦው ስንት ሜትር እንደሚደርስ፣ መኪናው በየትኛው መታጠፊያ እንደማይዞር፣ ጭስ በሞላበት ክፍል ውስጥ መንገድ ማግኘት ምን ያህል እንደሚከብድ ከነርሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ከእነርሱ ያልተማረ መሐንዲስ የሚያጸድቀው ፕላን በሥራ ላይ ሊከሽፍ ይችላል።

የፊርማው ክብደት

የዚህ ሥራ ከባዱ ክፍል ስሌቱ አይደለም። አንድ ባለሀብት ሁለተኛው ደረጃ የሚወስደውን ቦታ በሱቅ ኪራይ ይመነዝረዋል። መሐንዲሱ ደግሞ ያንኑ ቦታ በሰው ሕይወት ይመዝነዋል። ጫናው ከውጭም ከውስጥም ሊመጣ ይችላል፤ “ለጊዜው ይለፍ፣ በኋላ ይስተካከላል” የሚል ቃልም ይሰማል። ይሁን እንጂ ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ደረጃ መጨመር እጅግ ከባድና ውድ ነው። የሚስተካከለው ፕላኑ በጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው።

ይህ ፊርማ ምን እንደሚያህል የዓለም ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. መጋቢት 25 ቀን 1911 በኒውዮርክ በሚገኘው የትራያንግል የልብስ ፋብሪካ በተነሣ እሳት 146 ሠራተኞች ሞተዋል፤ ከመውጫዎቹ አንዱ ተቆልፎ ነበር። እ.ኤ.አ. ሰኔ 14 ቀን 2017 ደግሞ በለንደን የግሬንፌል የመኖሪያ ሕንጻ 72 ሰዎች አልቀዋል፤ ሕንጻው በውጭ በኩል የለበሰው ተቀጣጣይ ሽፋን እሳቱን ወደ ላይ አዛምቶታል። በሁለቱም ስፍራ ጥፋቱ የተዘጋጀው እሳቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ ነበር።

በአገራችንም ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ በተነሣው እሳት የአካባቢው ጥበትና መጨናነቅ የማጥፋት ሥራውን አስቸጋሪ እንዳደረገው በወቅቱ ተነግሯል። ሱቆች ተጠጋግተው በተሠሩበት የገበያ ስፍራ ሁሉ ተመሳሳይ ስጋት አለ። የመኪና መግቢያ መንገድ ክፍት እንዲሆን በጊዜ የሚከራከር ባለሙያ ለነጋዴው ሸክም መስሎ ይታያል፤ የሚጠብቀው ግን የነጋዴውን ንብረት ነው።

ለገጠሩ ምን ይጠቅማል?

በትንሽ ከተማ የተመደበ መሐንዲስ ሥራው በፎቅ ብቻ አይወሰንም። የሰሊጥና የጥጥ መጋዘን፣ ወፍጮ ቤት፣ የእንስሳት መኖ ማከማቻም በእርሱ ኃላፊነት ሥር ሊገቡ ይችላሉ። ጥጥ ከውጭ ጠፍቶ እንኳ በእስሩ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሊጤስ ይችላል። በተዘጋ ቤት ውስጥ በአየር ላይ የተበተነ የእህል ብናኝ ብልጭታ ካገኘ ሊፈነዳ ይችላል። ሳይደርቅ የተከመረ ድርቆሽም ከውስጡ እየጋለ ሄዶ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል።

ስለዚህ አርሶ አደሩ ድርቆሹን በደንብ አድርቆ ቢከምር፣ ክምሩንና ጎተራውን ከማብሰያ ቤት አርቆ ቢሠራ፣ ረመጥ ከመድፋቱ በፊት በውኃ ቢያጠፋ፣ ክምሮችንም አንድ ላይ ከማጠጋጋት ይልቅ ቢያራርቅ፣ በአንድ ብልጭታ የዓመት ልፋቱን ከማጣት ይድናል። በቤተሰብ ደረጃ የሚደረገው ይህ ጥንቃቄና መሐንዲሱ በፋብሪካ ላይ የሚጠይቀው ርቀት መሠረታቸው አንድ ነው።

የከተማ ነዋሪም ፈቃድ ሲጠይቅ የመውጫ ደረጃውን ጉዳይ እንደ ቢሮክራሲ ከማየት ይልቅ የራሱ ጉዳይ ሊያደርገው ይገባል። የሚኖርበትን ከተማ የእሳት አደጋ ስልክ ቁጥርም አስቀድሞ ይያዝ፤ በአዲስ አበባ 939 ነው።

ወደ ሙያው የሚገባ ወጣት አንድ ነገር ሊቀበል ይገባዋል። ሥራው በአግባቡ ሲሠራ የሚታይ ነገር የለም፤ ያልተቃጠለ ገበያ ዜና አይሆንም፣ ከሕንጻ በሰላም የወጣ ሰውም ሁለተኛውን ደረጃ ማን እንዳስጨመረው አይጠይቅም። የመሐንዲሱ ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ለማይታየው ውጤት ነው።