ሴት የቀዶ ሕክምና ሐኪሞች፣ የተዛባ ግምትና ማኅበራዊ ሚዲያ

በቀዶ ሕክምና ሙያ በሴቶች ላይ የሚታየው የተዛባ ግምት፣ ሐኪሙን ወንድ፣ ሴቷን ነርስ አድርጎ ከማሰብ ይጀምራል። በኢትዮጵያ ጋዋን የለበሰችን ሴት ሁሉ «ሲስተር» ብሎ መጥራት የተለመደ ነው። ጉዳቱም በክብር ብቻ አይወሰንም፤ «ዋናው ሐኪም» እስኪመጣ የሚጠብቅ ታካሚ፣ ቀዶ ሕክምናውን የምታከናውነው ሐኪም የሰጠችውን ማብራሪያ ልብ ሳይለው ሊያልፍ ይችላል።

ቋንቋም ድርሻ አለው። ዐረብኛ ያለ አናባቢ ምልክት ሲጻፍ «ጀራሓ» (ሴት የቀዶ ሐኪም) እና «ጂራሓ» (ቀዶ ሕክምና) በፊደል አይለዩም። በአማርኛም «ሐኪም» የሚለው ቃል ጾታን አይገልጽም፤ ግሱ እስኪሰማ ድረስ ብዙው አድማጭ ወንድ ያስባል።

ታሪኩ ግን ሌላ ይመሰክራል። በሳዑዲ ዐረቢያ የዓይን ቀዶ ሐኪሟ ሰልዋ አል-ሐዛዕ በሪያድ የንጉሥ ፋይሰል ስፔሻሊስት ሆስፒታል የዓይን ሕክምና ክፍልን መርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ወደ ሹራ ምክር ቤት ከገቡት የመጀመሪያዎቹ 30 ሴቶችም አንዷ ናቸው። በኢትዮጵያ ማሚቱ ጋሼ መደበኛ ትምህርት ሳይኖራቸው፣ ራሳቸው የፊስቱላ ታካሚ ሆነው ከገቡበት ሕይወት ተነሥተው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ ሆነዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ 104,630 ታካሚዎችን የመረመረ ጥናትም በሴቶች የታከሙት በ30 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው በጥቂቱ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ማኅበራዊ ሚዲያ ይህን እውነት ለዓይን አቅርቧል። እ.ኤ.አ. በ2015 አሜሪካዊቷ ሄዘር ሎጊ «የቀዶ ሐኪም እመስላለሁ» የሚል ትርጉም ያለውን ሃሽታግ ጀመረች፤ በ2017 ደግሞ የኒው ዮርከር መጽሔት የቀዶ ሐኪሞች ሽፋን ሥዕል፣ በልዩ ልዩ አገሮች ያሉ ሴት ሐኪሞች በፎቶግራፍ እንዲመስሉት አነሣሣ። መድረኩ ግን ለፍርድም ያጋልጣል። በ2020 አንድ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና መጽሔት፣ የወጣት ሐኪሞችን የዋና ልብስ ፎቶ ሳይቀር «ከሙያ ሥነ ምግባር የራቀ» ብሎ የመደበ ጥናት አውጥቶ፣ ሐኪሞቹ በዚያው በማኅበራዊ ሚዲያ ከተቃወሙ በኋላ ጥናቱን ሰርዟል።

ስለዚህ በሩዋይስም ሆነ በመካ ለሕክምና የሚሄድ ሰው «ቀዶ ሕክምናውን የሚያከናውነው ማን ነው?» ብሎ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል። መልሱ ሴት ከሆነች «ዶክቶራ» ብሎ ይጥራት፤ ጥያቄውንም ለእርሷ ያቅርብ።