ዝቅተኛ የነዳጅ ግፊት (በአሮጌ የናፍጣ መኪና)

ዝቅተኛ የነዳጅ ግፊት ናፍጣ ከሰልባትዮ (ከነዳጅ ጋን) ተስቦ ወደ ፖምፓ በሚደርስበት መስመር ላይ ከሚፈለገው ግፊት በታች ሲሆን የሚፈጠር ብልሽት ነው። በአሮጌ የጭነት መኪናዎች ላይ ይበዛል። ሞተሩ ባዶውን ሲሄድ ደኅና መስሎ ጭነት ይዞ ዳገት ሲወጣ ስለሚደክም፣ ችግሩ ብዙ ጊዜ የፖምፓ ወይም የኖዝል ይመስላል። ፖምፓ አስፈትቶ ማሠራት ውድ ስለሆነ ምክንያቱን በቅደም ተከተል መለየት አስፈላጊ ነው።

አካባቢው

ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ መንገድ በአዊ ዞን ውስጥ በኢንጅባራና በዳንግላ ያልፋል። ከኢንጅባራ ወደ ምዕራብ የሚገነጠለው መንገድ ወደ ቻግኒ ይወርዳል። የአካባቢውን ድንችና እህል፣ በፋግታ ለኮማ ወረዳ ከዲከረንስ ዛፍ የሚመረተውን ከሰል ጭምር የሚያጓጉዙት በአብዛኛው የጭነት መኪናዎች ናቸው። በኢትዮጵያ መንገዶች ለረጅም ዘመን ከሚታወቁት መካከል ባለ 4 ሲሊንደሩ አይሱዙ ኤንፒአርና ባለ 6 ሲሊንደሩ ፊያት 682 ኤን 3 («ኤንትሬ») ይገኙበታል።

ኢንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር፣ ዳንግላ ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው። በ2,500 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህ ለምርመራው ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ስለሚያንስ ምንም ብልሽት ሳይኖርበትም ጉልበቱ ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የመሳቢያው ፓምፕ ናፍጣ ሲስብ፣ ናፍጣውን ወደ ቱቦው የሚገፋው በሰልባትዮው ላይ ያለው የአየር ግፊት ነው። ስለዚህ በቆላ ያልታወቀ ትንሽ መደፈን በደጋ ሊታወቅ ይችላል።

የግፊቱ መጠን

በአሮጌ ናፍጣ ሞተር ሁለት የተለያዩ ግፊቶች አሉ። የመሳቢያው ፓምፕ ናፍጣውን በፊልትሮ አሳልፎ ለፖምፓ የሚያቀርበው በዝቅተኛ ግፊት ሲሆን፣ ይህም በአብዛኛው ከ1 እስከ 2 ባር ይሆናል። ትክክለኛው ልክ በየሞተሩ የጥገና መጽሐፍ ይገኛል። ፖምፓው ወደ ኖዝል የሚልከው ግን ከ100 ባር እጅግ በላይ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው የመጀመሪያውን ነው።

ምልክቶች

መኪናው ዳገት ላይ ጉልበት ያጣል፣ ይንተፋተፋል፣ አንዳንዴም ይጠፋል። ሌሊት ቆሞ ካደረ ጠዋት ለመነሣት ያስቸግራል፤ ይህ በተለይ መስመሩ አየር እንደሳበና ናፍጣው ወደ ሰልባትዮ እንደተመለሰ ያመለክታል።

የጭሱ ቀለም ከሁሉ በፊት የሚታይ መለያ ነው። ሞተሩ ደክሞ ጥቁር ጭስ ካበዛ፣ ናፍጣ አላነሰውም፤ ያነሰው አየር ነው። በዚህ ጊዜ የከፍታው ተጽዕኖ፣ የአየር ፊልትሮ ወይም ኖዝል ይጠረጠራል። ጭሱ እጅግ ቀንሶ ጉልበቱ ከጠፋ ግን የነዳጅ እጥረት ይጠረጠራል።

ምክንያቶች

ዋና ዋናዎቹ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የሰልባትዮ ዝገትና ጭቃ፣ የተደፈነ የክዳን መተንፈሻ፣ የተሰነጠቀ ጎማ ቱቦ፣ በብሎኖች ሥር ያረጀ የመዳብ ቀለበት፣ ያለቀ የመሳቢያ ፓምፕና የላላ የመመለሻ ቫልቭ ናቸው። በነዳጅ እጥረት ጊዜ ከበርሜልና ከጀሪካን የሚቀዳ ናፍጣ ውኃና ዝገት ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሰልባትዮው ባዶ ሆኖ ሲያድር በብርድ ምክንያት በውስጡ ጤዛ ይፈጠራል። ከነጭ ጋዝ ጋር የተደባለቀ ናፍጣ ደግሞ ማለስለሻነቱ ስለሚቀንስ የፓምፕና የፖምፓን ዕድሜ ያሳጥራል።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ነዳጅ መኖሩ ይረጋገጣል። ከፊልትሮው ሥር ውኃ ይፈሰሳል፤ ቱቦዎቹ ላይ የእርጥበት ምልክት ይፈለጋል። በመሳቢያው በኩል ያለ ስንጥቅ ግን አየር ያስገባል እንጂ ናፍጣ ላያፈስ ይችላል።

2. የሰልባትዮው ክዳን ይከፈታል። ሲከፈት አየር ሲስብ ከተሰማና መኪናው ከተሻለው መተንፈሻው ተደፍኗል።

3. የግፊት መለኪያ ከፊልትሮው በፊትና በኋላ ይገጠማል። ልኬቱ በዝቅተኛ ዙር ብቻ ሳይሆን ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ሲሠራም ይነበባል፤ በከፊል የተደፈነ ፊልትሮ በዝቅተኛ ዙር በቂ ናፍጣ ያሳልፋልና። በፊት ትክክል ሆኖ በኋላ ከወረደ ጥፋቱ የፊልትሮው ነው።

4. በሁለቱም በኩል ዝቅተኛ ከሆነ፣ መሳቢያው ቱቦ ከሰልባትዮ ተነቅሎ ንጹሕ ናፍጣ በያዘ ጀሪካን ውስጥ ይከተታል። ግፊቱ ከተስተካከለ ችግሩ በሰልባትዮው ላይ ነው። ካልተስተካከለ ወደ ፓምፑ የሚወስደው ቱቦ፣ ፓምፑና የመመለሻው ቫልቭ ይመረመራሉ።

5. ከፓምፑ በፊት ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ይገጠማል። የአረፋ መታየት አየር የሚገባበት ቦታ ከዚያ በፊት መሆኑን ያሳያል።

6. የሞተሩ ዘይት በመለኪያው ይታያል። ዘይቱ ጨምሮ ናፍጣ ከሸተተ የመሳቢያው ፓምፕ ወደ ውስጥ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። የቀጠነ ዘይት ብሮንዚን ስለሚያቃጥል መኪናው እስኪጠገን መንዳት አይገባም።

ከጥገናው በኋላ በእጅ ፓምፑ እየተገፋ፣ መጀመሪያ በፊልትሮው ከዚያም በፖምፓው የአየር ማስወጫ ብሎን በኩል አረፋ የሌለው ናፍጣ እስኪወጣ ድረስ አየሩ ይወጣል።

ጥንቃቄ

ጭነት የያዘ መኪና ዳገት ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑን የሚያግዘው አየር ወይም ቫኪዩም መሙላቱን ያቆማል፤ መሪውም ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ ምልክቱ የታየበት መኪና፣ ለምሳሌ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን እንደሚወጣው ባለ ረጅም ዳገት ከመግባቱ በፊት መመርመር አለበት። መኪናው ከቆመም ጎማው በታኮ ይደገፋል።

ከኖዝል የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ሊገባ ስለሚችል በእጅ አይፈተሽም፤ ከገባም ቁስሉ ትንሽ ቢመስል እንኳ አስቸኳይ ሕክምና ያስፈልጋል። ኮመንሬል ባላቸው አዳዲስ መኪናዎች የኖዝል መስመር ግፊት ከ1,000 ባር ስለሚያልፍ፣ በአሮጌ ሞተሮች እንደተለመደው ሞተሩ እየሠራ መስመር ማላላት ፈጽሞ አይቻልም።