የአንድ ፓውንዷ መኪና

"ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ" የሚባለው ነገር ፎርሙላ ዋን ሠፈር አይሠራም። እኔ መኪና መንዳት አልችልም (ታክሲ ውስጥ ጋቢና መቀመጥ እንኳ ያስፈራኛል)፣ ይሁን እንጂ የአንዲት የውድድር መኪና ታሪክ ከሰማሁ ጀምሮ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሏል። መጀመሪያ የሰማሁት በተረት መልክ ነበር። አንድ ሰው ባለቤቱ የጣለውን ቡድን በአንድ ፓውንድ ገዛ፣ ማስታወቂያ የሌለባት ነጭ መኪና ይዞ ወጣ፣ ዋንጫውን በላ። አለቀ! ደስ አይልም? ችግሩ፣ ጋዜጠኝነት ስማር ያመጣሁት አንድ መጥፎ አመል አለኝ። ታሪክ በጣም ሲያምርብኝ ሒሳቡን ማን ከፈለ ብዬ እጠይቃለሁ።

እስቲ ወደ 2008 እንመለስ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የሆንዳ ቡድን ፋብሪካ እንግሊዝ አገር፣ ብራክሊ በምትባል ትንሽ ከተማ ነበር። ሠራተኛው ወደ 700 ይጠጋል፣ ገንዘብ እንደ ልብ ነው፣ ውጤት ግን የለም። በዚያ ዓመት ያገኙት 14 ነጥብ ሲሆን የጨረሱትም 9ኛ ሆነው ነው። ቡድኑን ከ2007 መጨረሻ ጀምሮ የተረከበው ሮስ ብራውን ነበር፤ በፌራሪ ቤት ከሚካኤል ሹማከር ጋር ዋንጫ ሲሰበስብ የኖረው ሰውዬ። ብራውን የ2008ቷን መኪና አይቶ እንደማትድን ገባው። ምን አደረገ መሰላችሁ? ብዙም ላድናት አላለም። ቡድኑ በየሳምንቱ እየተሸነፈ እንዲሄድ ትቶ፣ የመሐንዲሶቹን አብዛኛውን ጉልበት ወደ ቀጣዩ ዓመት መኪና አዞረ። እየተሳቀባቸው ዝም ብሎ መሥራትን የመሰለ ከባድ ነገር ያለ አይመስለኝም።

ምክንያት ነበረው። ለ2009 ደንቡ ከሥር መሠረቱ ተቀይሮ ነበር። መኪኖቹ እርስ በርስ እንዲቀዳደሙ ተብሎ፣ አየር መኪናዋን ወደ መሬት የሚጫንበት ኃይል በግማሽ ገደማ እንዲቀንስ ታሰበ፤ የፊቱ ክንፍ ሰፋ፣ የኋላው ጠበበና ከፍ አለ፣ ሙልጭ ያለው ጎማ ተመለሰ። በውድድር ዘመኑ መሐል መኪና እያወጡ መሞከርም ተከለከለ። ስለዚህ ማንም ሰው አዲሱን መኪና በደንብ ሊያውቅ የሚችለው ውድድሩ ሳይጀመር በፊት ብቻ ነበር ማለት ነው።

ሥራው የሚሠራው ደግሞ ባብዛኛው መኪናዋ ገና ሳትኖር ነው። ከእውነተኛዋ ያነሰች ሞዴል ይሠሩና ትልቅ ማራገቢያ ያለበት ዋሻ ውስጥ ያስገቧታል፤ ከሥሯ መንገድ መስሎ የሚሽከረከር ምንጣፍ አለ፣ ነፋሱ ይለቀቅባታል፣ ይለካል። አንዲት ቁራጭ ይቀየርና እንደገና ይለካል። በመቶዎች የሚቆጠር ሙከራ ከሽፎ አንዱ ትንሽ ነገር ይሰጣል። ሆንዳ ይህንን በእንግሊዝም በጃፓንም አሠርቷል።

ከዚያ ሁሉ ልኬት መካከል አንዱ ወለሉን ይመለከታል። የመኪናዋ ወለል መጨረሻ ላይ ወደ ላይ እየሰፋ የሚሄድ ክፍል አለ፤ ዲፊውዘር ይሉታል። በእሱ ምክንያት ከወለሉ ሥር የሚያልፈው አየር ይፈጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ መኪናዋም መሬት ላይ ትጣበቃለች። አዲሱ ደንብ ይህን ክፍል አሳንሶት ነበር። ደንቡ ወለሉ ከታች ሲታይ ቀዳዳ እንዳይኖረው ያዛል። የብራክሊ ሰዎች ግን ወለሉ ሁለት ደረጃ እንዳለው አስተዋሉ። በሁለቱ ደረጃዎች መካከል ክፍተት ቢተው፣ በቀጥታ ከታች ለሚያይ ሰው ቀዳዳ የለም፤ አየሩ ግን መንገድ አግኝቷል። በዚያ መንገድ ከመጀመሪያው ዲፊውዘር በላይ ሁለተኛ ሠሩ። ሐሳቡ የመነጨው ከአንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ነው ይባላል። ቶዮታና ዊሊያምስም በየራሳቸው መንገድ እዚያው ደርሰው ነበር። (ብልጠት ነው ማጭበርበር? እኔ ብልጠት ነው ባይ ነኝ፤ ደንብ የጻፈ ሰው የጻፈውን ማንበብ አለበት።)

ታኅሣሥ 5 ቀን 2008 ሆንዳ በቃኝ አለ። ዓለም በገንዘብ ቀውስ እየተናጠች ነበር፣ መኪና የሚገዛ ጠፍቷል። ፋብሪካ ውስጥ ያለችው መኪና ተስላ አልቃለች፣ ሞተር ግን የላትም። በፎርሙላ ዋን ሞተር ማለት ደግሞ ኮፈን ከፍቶ እንደሚጨምሩት ዕቃ አይደለም። ከፊት ሻንሲው፣ ከኋላ ካምቢዮው የሚታሰረው በእሱ ላይ ስለሆነ የመኪናዋ የጀርባ አጥንት ነው። የመርሴዲስ ሞተር ሲገኝ ለሆንዳ ሞተር የተሠራውን ሻንሲ ከኋላ ቆርጠው ማስተካከል ነበረባቸው። ያንን ክረምት ሠራተኛው ደመወዝ ይቀጥል አይቀጥል ሳያውቅ ይህን ሲሠራ ከረመ።

መጋቢት 6 ቀን 2009 ብራውን ቡድኑን መግዛቱ ተነገረ፤ አንድ ፓውንድ የምትባለው ይህች ናት። ሆንዳ ግን ቡድኑን ለአንድ ዓመት የሚያቆይ ገንዘብ ትቶለት ነው የሄደው፣ መዝጋቱም ቢሆን በነፃ ስላልነበረ። ከሦስት ቀን በኋላ መኪናዋ ባርሴሎና ላይ ከሌሎቹ ጋር ወጣች፣ በቀናት ውስጥም ሁሉንም በለጠች። ስፖንሰር ለመሳብ ክብደት ቀንሰው ነው ብለው ያሟቸው ነበሩ።

መጋቢት 29 ሜልቦርን ላይ ጄንሰን በተን አንደኛ፣ ሩቤንስ ባሪኬሎ ሁለተኛ ወጡ። ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ውድድሮች ስድስቱን በተን አሸነፈ። ተፎካካሪዎቹ ስለ ዲፊውዘሩ እስከ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ሚያዝያ 15 ቀን ሕጋዊ ነው ተባለ፣ ከዚያ ሁሉም ለመቅዳት ተሯሯጠ። ብራክሊ ውስጥ መኪናዋን የሚያሻሽል ገንዘብ አልነበረም። በተን ከሰኔ ወዲህ አንድም ውድድር አላሸነፈም፤ ጥቅምት ላይ ብራዚል ውስጥ ሻምፒዮን የሆነው በክረምት በተሠራው ስንቅ ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር መርሴዲስ ቡድኑን ገዛው።

የሜልቦርኑ ድል በተከበረባቸው በእነዚያው ቀናት ግን ቡድኑ ሌላ ዜና ነበረው። ወደ 270 የሚሆኑ ሠራተኞች ሊቀነሱ ነው። መኪናዋን ስለው፣ ቆርጠው፣ ገጥመው ካወጧት ሰዎች ብዙዎቹ የቀሩትን አሥራ ስድስት ውድድሮች ያዩት ቤታቸው ሆነው፣ በቴሌቪዥን ነው።