ከእርሳሱ ሥር የነበረው ሰም

ጎጃም ውስጥ ስለ አርበኝነት ዘመን ጨዋታ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው ጠመንጃው ነው። ውጅግራ፣ አልቢን፣ ሰናድር፣ ምንሽር፣ ለበን እየተባለ ከባለቤቱ ስም ጋር ይወሳል። ስለ ጥይቱ የሚያወራ ግን እምብዛም አይገኝም። የእነዚያ ጠመንጃዎች ታሪክ ትልቁ ክፍል ያለው ግን ከእርሳሱ ሥር በተቀመጠችው ቁራጭ ሰም ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። የማር አገር ለሆነው ለጎጃሙ አዊ ደግሞ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

ውጅግራን እንውሰድ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1874 ለሠራዊታቸው የመረጡት፣ የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። እነሱ ወደ ለበን ሲሻገሩ አሮጌው ወደ እኛ ጎረፈ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሰለፉት መሣሪያዎች አንዱ እሱ ነበር። ጥይቱን ከታች ወደ ላይ ብናየው፣ በናሱ ቀለህ ውስጥ 5 ግራም ያህል ጥቁር ባሩድ አለ። በባሩዱ ላይ ከሰምና ከሞራ የተሠራ ውታፍ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ ወገቡ በስስ ወረቀት የተጠቀለለ፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ይገጠማል።

ውታፉ ያለ ምክንያት አልገባም። እርሳስ ለስላሳ ነው፤ በ327 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። ባሩዱ ሲቀጣጠል የሚወጣው ጋዝ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይግላል። ይህ ጋዝ በእርሳሱና በአፈሙዙ ግድግዳ መካከል ሽንቁር ካገኘ የእርሳሱን ጠርዝ እየላጠ ብረቱ ላይ ይለጥፈዋል። ጥይቱን እያሾሩ የሚያስወጡት ጠመዝማዛ ቦዮች በእርሳስ ይሞላሉ፤ ተከታዩ ጥይት የሚይዘው አጥቶ እየተንገዳገደ ይወጣል፤ ኢላማውንም ይስታል። በዚያ ላይ ጥቁር ባሩድ ሲነድ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዝቃጭና ጥላሸት ሆኖ ይቀራል፤ ሲደርቅም ምጣድ ላይ እንደከረመ ቅርፊት ይጠነክራል። ሰሙና ሞራው ሽንቁሩን ይደፍናሉ፣ እርሳሱን ያንሸራትታሉ፣ ዝቃጩንም ስለሚያለሰልሱት ተከታዩ ጥይት ጠርጎት ይወጣል። ሰም ብቻውን በብርድ ይደርቃል፤ ሞራ ብቻውን በሙቀት ይፈሳል። የተዋሃዱትም ለዚህ ነው።

የጥይት ቅባት መንግሥት ያናወጠበት ጊዜም አለ። እ.ኤ.አ. በ1857 በሕንድ የእንግሊዝ ቅጥር ወታደሮች በጥርሳቸው የሚቀዱት የጥይት ወረቀት በላምና በአሳማ ስብ ተቀብቷል የሚል ወሬ ተነዛ። ላም ለሂንዱው የተቀደሰች፣ አሳማ ለሙስሊሙ የተከለከለ ነው። በራሳቸው ቅባት እንዲቀቡት ቢፈቀድላቸውም ጥርጣሬው አልበረደም፤ ታላቁ አመፅ ፈነዳ።

ወደ አገራችን እንመለስ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ የውጅግራ ጥይት በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሰጥ ነበር። እንዲህ የከበረን ነገር ማን ይጥላል? የተተኮሰው ቀለህ ተለቅሞ ባሩድ ይሞላበታል፤ እርሳስም ቀልጦ ይገጠምበታል። ፋብሪካው የከተተው ውታፍ ግን ከመጀመሪያው ተኩስ ጋር ሄዷል። እሱን ሳይተካ የሞላ ሰው አፈሙዙን በገዛ እጁ በእርሳስ ያስደፍናል። ሰም ደግሞ በአዊ ከተሞች፣ በዳንግላና በእንጅባራ፣ ብርቅ አይደለም፤ ቀፎ ካለበት ቤት ሁሉ ይገኛል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍም ይሆናል። ባሩድና እርሳስ ግን ከሩቅ የሚመጡ፣ ውድ ዕቃዎች ነበሩ።

በወረራው ዘመን ጣሊያኖች በዳንግላና በእንጅባራ ጦር አስፍረው ነበር። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. እንግሊዛዊው መኮንን ሳንድፎርድ የሚመራው ቡድን አርበኞችን ለመርዳት ጎጃም ገባ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ በኦሜድላ የሱዳንን ድንበር ተሻገሩ፤ በየካቲት ጣሊያኖች ሁለቱንም ከተሞች ለቀቁ። የጣሊያኑ ጠመንጃ 6.5 ሚሊ ሜትር፣ እርሳሱ በሌላ ብረት የተሸፈነ፣ ባሩዱ ጭስ አልባ ነበር። ውጅግራ የያዘው አርበኛ ግን በተኮሰ ቁጥር ነጭ ጭሱ የተደበቀበትን ቦታ ያጋልጥበታል፤ ውጊያው በረዘመ ቁጥርም አፈሙዙን የመወልወል ጣጣ አለበት። ይህን ችግር ተሸክሞ መዋጋቱ ጀግንነቱን በዓይኔ ከፍ ያደርገዋል፤ ታሪኩ ሲጻፍም መዘለል የለበትም እላለሁ።

ሰሙን ከጥይት ያስወጣው ፈረንሳዊው ፖል ቪዬይ እ.ኤ.አ. በ1884 የሠራው ጭስ አልባ ባሩድ ነው። የጥይቱ ፍጥነት በሴኮንድ ከ450 ሜትር አካባቢ ተነስቶ ከ600 ሲያልፍ ራቁቱን የቀረ እርሳስ ሊችለው አልቻለም፤ የብረት ልባስ ለበሰ።

በቤታችሁ የአያት ዝናር ካለ፣ በውስጡ የቀረ ጥይት ቢገኝ አትፍቱት፤ አትፈልቅቁት። ጥቁር ባሩድ እርጥበት ካላገኘው ከመቶ ዓመት በኋላም ይቀጣጠላል። ለሚመለከተው አካል አስረክቡ፤ ሙዚየሞቻችንም ባሩዱ በባለሙያ የወጣለትን አንዱን ለሁለት ሰንጥቀው ሰሙን ለሕዝብ ያሳዩልን።