ከእፍኝ ኮሶ እስከ ኮአርተም፦ የሚዋጥ መድኃኒት ልኩ እንዴት ተገኘ?

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የዓባይን ምንጭ ሊያይ ግሽ የደረሰው በ1770 (እ.ኤ.አ.) ነው። ቦታው ዛሬ ምዕራብ ጎጃም፣ ከቡሬ በስተሰሜን፣ ሰከላ ውስጥ ይገኛል። በ1790 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ኮሶም ጽፏል፦ አንድ እፍኝ ደረቅ አበባ ጠላ ውስጥ ተዘፍዝፎ ያድራል፣ ጠዋት ይጠጣል።

እፍኝ ስንት ነው? ያው እንደ እጁ ነው። ትልቁ ችግር ግን የአበባው ኃይል ነው። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ይበረታል፤ ሲቆይ ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ ያው አንድ እፍኝ አንዱን ሰው ከትሉ ሳይገላግለው ይቀራል፣ ሌላውን አቅሉን ያስተዋል። ሲበዛ የዓይን ነርቭን ጎድቶ እስከ መታወር ያደርሳል።

ክኒን ይህን ጥያቄ መለሰልን፤ የአንዱ ክኒን ይዘት ከሌላው እኩል ነው። ግን ሌላ ጥያቄ ይቀራል፦ የሚውጠው ማነው?

በአማራ ክልል ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተካሄደው የ«ማልትራ» ዘመቻ የትራኮማ መድኃኒት አዚትሮማይሲን በየቀበሌው ታድሏል። የልጅ መጠን በኪሎ 20 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ታዲያ ሚዛን ተሸክሞ ገጠር ለገጠር መዞር ይቻላል? መፍትሔው ምልክት ያለበት የቁመት መለኪያ እንጨት ሆነ። ልጁ እንጨቱ ጎን ይቆማል፣ ቁመቱ መጠኑን ይናገራል። አዋቂ ባለ 250 ሚሊ ግራሙን አራት ክኒን ይውጣል። በምህንድስና ቋንቋ ቁመት የክብደት ግምት ነው፤ ግምቱ ትንሽ ቢሳሳትም ይህ መድኃኒት ስህተቱን ይችለዋል። ሁሉም መድኃኒት ግን እንዲህ አይደለም።

ሦስተኛው ጥያቄ ሰዓት ነው። ኢትዮጵያ በ2004 (እ.ኤ.አ.) ለወባ የመረጠችው ኮአርተም መጠኑ በክብደት ነው፦ ከ35 ኪሎ ጀምሮ በአንድ ጊዜ አራት ክኒን። ስድስት ጊዜ፣ በሦስት ቀን ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት በኋላ፣ ከዚያ ጠዋትና ማታ። ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ቢሆን ሰውነት የበለጠ ይቀበለዋል።

ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ፣ ፈተናው እዚህ ጋ ነው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን ሲለቅ፣ «ድኛለሁ፣ የተረፈውን ለሌላ ጊዜ ላስቀምጥ» ማለት ይመጣል። ግን የቀሩት ክኒኖች የተሰጡት ደም ውስጥ ለተረፈው ተዋሲያን ነው፤ ካልተዋጡ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል። የተቀመጠው ትራፊ ደግሞ ነገ ለታመመ ልጅ ቢሰጥ ለክብደቱም ለሕመሙም ልክ መሆኑን የሚያውቅ የለም። እፍኙ ተመልሶ ቤት ገባ ማለት አይደል?