እሳትን «በቃ» የሚለው ማን ነው? ከባግዳድ እስከ ጎባ



ጎባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ሮቤም ከእሷ ብዙ አትርቅም። ከበላያቸው የሳነቴ ሜዳና 4,377 ሜትር የሚደርሰው ቱሉ ዲምቱ አለ። ሰማዩ ጥርት ባለበት የበጋ ሌሊት ተነስቶ ለፈጅር ዉዱእ ያደረገ ሰው የባሌን ብርድ ያውቀዋል። ስለዚህ በተከራየናት አንዲት ክፍል በሩን ዘግተን፣ የመስኮቱን ክፍተት በጨርቅ ወትፈን ከሰል እናቀጣጥላለን። ክፍሉ መሞቁን ከሰሉ አያውቅም። እኛም እንቅልፍ ይወስደናል።

ቤታቸውን በቦይለርና በቧንቧ በሚያሞቁ አገሮች ይህን የምታውቅ ትንሽ ዕቃ ግድግዳ ላይ ትሰቀላለች፤ ተርሞስታት ትባላለች። ክፍሉ በተፈለገው ልክ ሲሞቅ ቦይለሩን ታስቆማለች፤ ሲቀዘቅዝ መልሳ ታስነሳለች። እህቷ እኛም ቤት አለች፤ ካውያ ውስጥ። ልብስ ስንተኩስ የካውያዋ መብራት የምትጠፋውና የምትበራው በእሷ ነው። በብዙዎቹ ውስጥ ሁለት ዓይነት ብረት ተጣብቆ ይገኛል፤ ሲሞቁ እኩል ስለማይረዝሙ ይጎብጣሉ፣ ሲጎብጡም ኤሌክትሪኩን ያቋርጣሉ።

ራሱን የሚቆጣጠር ዕቃ የመሥራት ሐሳብ ግን ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ850 ገደማ በባግዳድ የሙሳ ኢብኑ ሻኪር ልጆች ሙሐመድ፣ አሕመድና ሐሰን «ኪታቡል ሒየል» የተባለውን መጽሐፍ አዘጋጁ። ወደ መቶ የሚጠጉ መሣሪያዎች ተገልጸውበታል። ውኃው ልኩ ሲደርስ ራሱ የሚዘጋ ማስተላለፊያ አለ፤ ክሩን ራሱ ከፍ የሚያደርግ፣ ዘይቱንም ራሱ የሚሞላ ፋኖስ አለ። «ተርሞስታትን ሙስሊሞች ፈጠሩት» ብለን እንዳንኩራራ፣ አልፈጠሩትም። እነሱም ከግሪኮች መጻሕፍት ተምረው ነው የጨመሩበት። ለእኛ ይህ ከባዶ ፉከራ ይበልጣል።

በግብፅ ደግሞ በምድጃ እንቁላል የማስፈልፈል ጥንታዊ ሙያ ነበር። በ1162 ባግዳድ የተወለደው ሐኪም ዐብዱለጢፍ አል-ባግዳዲ ግብፅ ሄዶ አይቶ በዝርዝር ጽፎታል። ማገዶው ኩበት ነበር፤ የባሌ እናቶች የሚያውቁት ኩበት! የሙያው ሰዎች እንቁላሉን ዓይናቸው ቆብ ላይ አስጠግተው ሙቀቱን ይለኩ ነበር። ተርሞስታቱ ሰውየው ራሱ ነው።

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኮርኔሊስ ድሬበል የተባለ ሆላንዳዊ ይህንኑ የማስፈልፈል ሥራ ለዕቃ ሰጠው። አልኮልና ሜርኩሪ ሲሞቁ ያብጣሉ፤ እብጠቱ ዘንግ ገፍቶ የምድጃውን የአየር መግቢያ ይዘጋል፤ እሳቱ ይበርዳል።

የክፍል ተርሞስታት የመጣው ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው። ዋረን ጆንሰን በአሜሪካ ዊስኮንሲን መምህር ነበር። የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ በየክፍሉ እየገባ ሙቀቱን ያይና ምድር ቤት ወርዶ ምድጃውን ያስተካክላል፤ ትምህርቱም ይቋረጣል። ጆንሰን በ1883 የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ የክፍሉን ሙቀት በኤሌክትሪክ ደወል ለሠራተኛው የሚያሳውቅ ነበር። እሳቱን አሁንም የሚነካው ሰው ነው፤ ግን የነቃ ሰው።

ማንደጃችን ደወል የለውም። ብዙዎቻችን ጭሱ ሲያልቅና ከሰሉ ፍም ሲሆን «አሁን ጉዳት የለውም» ብለን ወደ ቤት እናስገባዋለን። ፍሙ ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣቱን አያቆምም። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል።

በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። ወሬው ሲደርሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላታችን መሆኑን ተናግረው ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።